ስድስተኛው አባል

በዊኒፔግ ሰሜን ሠፈር፣ ከዩክሬኖች ደብር ሥር፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ምድር ቤቱ ነው የእኛ አገር።
ኖርበርት ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ የሾፌር ኮቱን ሳያወልቅ፣
የክላርኔቱን አፍ በብብቱ ያሞቃል፣ በቁሩ እንዳይሰነጠቅ።
ሮሜል የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ከሆስፒታል የመጣ ነርስ፣
ከበሮ የሚነካው የበሽተኛ ደረት እንደሚዳስስ።
ኦስታፕ ቼሎውን ያቅፋል፤ ቀን ቀን ፒያኖ ይቃኛል፣
«የዚህ ከተማ ሳሎን ሁሉ ቅኝቱ ወርዷል» ይለኛል።
ፒያኖው ላይ ማርጊት ናት፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣
የግራ እጇ ትንሽ ጣት ታጥፎ ቀርቷል፤ የሚዘረጋው የለው።
እኔ ቪዮላ ነኝ። በቪዮላ የሚቀለድ ቀልድ ካላችሁ ተዉት፣
ኦስታፕ ነግሮኝ ጨርሷል፤ ከፈለጋችሁ እሱን ጠይቁት።

የምትጽፍልን ሲግሩን ናት። ከጊምሊ፣ ከሐይቁ ዳር፣
የዓሣ አጥማጅ ልጅ፤ ዝምታን የምትለካ በመረብ ቀዳዳ ቁጥር።
ለክላርኔት አትጽፍም፣ ለፒያኖም፣ ለከበሮም፤
ለሰው ነው የምትጽፈው፤ ለጉድለቱ ጭምር፣ ለሕመሙም።
የማርጊት ጣት በታጠፈበት አንድ ድምፅ እንኳ አላኖረችም።
የኖርበርት ሳል በሰባተኛው መስመር ዕረፍት ተሰጥቶታል፣
«እዚህ ላይ ሳል» ይላል ወረቀቱ፤ እሱም አክብሮ ይስላል።
«በእኛ ቋንቋ ቃሉ ሁለት ነው» አልኳት፤ «ሳል፣ ደግሞም ሥዕል ሳል።»
ሳቀች። በማግስቱ ከኅዳጉ ላይ ትንሽ ጀልባ ተስሏል።

ስድስተኛው አባላችን ግን ከግድግዳው ጀርባ ነበር፤
የደብሩ አሮጌ ማሞቂያ፣ ብረት ሆዱን እያሻሸ ሲያጉረመርም የሚያድር።
ከሲ ወረድ ይላል፣ ከሲ ቤሞል ደግሞ ከፍ፤
በሁለቱ መሃል የተጋደመ፣ ወደየትም የማይል ሰነፍ።
ሌላ ሰው ቢሆን ያስጠፋው ነበር፤ ሲግሩን ወንበር ሰጠችው፣
ከኖታው ግርጌ መስመር አሰመረችለት፣ «ማሞቂያ» ብላ ጻፈችው።
የአርባ ደቂቃው ሥራ በሙሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ቆመ፣
ኦስታፕ እንኳ፣ ያ ኦስታፕ፣ ለእሱ ሲል ክሩን አጣመመ።

ከቶሮንቶ አንድ ቡድን ጻፈልን፤ ዘጠኝ ሰው፣ ጥቁር በጥቁር የለበሰ፤
«እንጫወተው» አሉ። ማሞቂያውን ቀድተን ላክን፤ ደረሰ።
ተጫወቱት። ንጹሕ ነበር። አንድም እንከን አላየንም።
«ጥሩ ነው» አለች ሲግሩን፤ «ማሞቂያው ግን አልሰማቸውም።»
ከሚኒያፖሊስ የመጡት አራት ልጆች፣ በውርጭ ድንበር አቋርጠው፣
ወለላችን ላይ አደሩ፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው።
እነሱን ወደድናቸው።

የካቲት ገባ። ውጪው አርባ ከዜሮ በታች።
የደብሩ ኮሚቴ ገንዘብ አግኝቶ፣ አንድ ቅዳሜ አሮጌው ወጣ፣ አዲስ መጣ፤
ነጭ ሳጥን ነው፤ እንደ ባንክ ጸሐፊ ድምፁን አጥፍቶ ሥራውን የሚወጣ።
ማክሰኞ ገባን። ቤቱ ሞቋል። ኮት ያወለቀ ሰው የለም።
ሮሜል መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ሰዓቱን አየ፤
ነርስ ይህን የሚያደርገው መቼ እንደሆነ ያልገባው አልነበረም።

«ይሰረዝ?» አለ ኖርበርት፣ የግርጌውን መስመር እያየ።
መልስ አልሰጠችም። እጇን አነሳች። ጀመርን።
ቼሎው ብቻውን ወጣ፤ አንድ እግሩ እንደጎደለ ጠረጴዛ አዘመመ፤
ማርጊት አንድ ድምፅ ነካች፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ።

ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ነኝ አልልም።
በተዘጋ አፍ፣ ከደረት፣ ከሲ ወረድ ብሎ፣ ቤሞል ግን ያልሆነ፣
አንዱ ሲጥለው ሌላው እያነሳው፣ የሰው ጉሮሮ ብረት ሆነ።
ኖርበርት መንፋቱንም ማጉረምረሙንም አንድ ላይ አልቻለም፤
ክላርኔቱን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ አጉረመረመ፤
ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርስም ሳል አላለፈውም።

ስንጨርስ ሲግሩን መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ወለወለች፤
«ማርጊት፣ ዝቅ ብለሻል» አለች።
ኦስታፕ፣ ከተማውን ሙሉ የሚከሰው ሰው፣ ቀስቱን እየቀባ አጎነበሰ፣
ድምፁ ወደ ጫማው ፈሰሰ፤
«ተያት። እሱም ሲበርደው
ዝቅ ይል ነበር።»