ያጠረው ቱቦ

አክስቴ ሶልቬግ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣
ጀርባዋ ጠጠር ላይ፣ ላሜራ ስር ፊቷ፣
ከአሮጌው ቤት-መኪና ሆድ ስር ተጋድማ
«ወደ ግራ! ወደ እኔ ግራ!» ትላለች ደጋግማ።
የእኔ ሥራ ባትሪ መያዝ ነው፤
ክንዴ ሲዝል፣ ብርሃኑ ሲወርድ፣ ስድብ ነው የምቀምሰው።

የሰባ አራት ስሪት ነው፤ ቀለሙ የወተት፣
ወገቡ ላይ የዞረ ቡናማ መስመር አለበት።
የባሏ የአርቪድ ነበር። አርቪድ ካረፈ ወዲህ
ከስንዴው ጎተራ ጥግ፣ በሰሜን ዳኮታ ንፋስ፣
ሁለት የበረዶ ወራት ቆሟል፣ ሳይነሣ፣ ሳይፈርስ።

ዛሬ ማለዳ የጀኔሬተሩ የቤንዚን ጎማ
እንደ ቋንጣ ደርቆ ቅንጥስ ሲል ስትሰማ፣
ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳችበትን ጓንት አጥልቃ፣
ፒንሳዋን በጥርሷ ነክሳ ገባች ተንፏቃ።

አርባ ዓመት «ቤንዚን ይሸተኛል» ስትለው
«አፍንጫሽ ነው» እያለ ሲመልስላት የኖረው
አርቪድ፣ ለካ ጎማውን የዘረጋው ማርሚታው ጀርባ ላይ ነው።
እንዳይቀልጥ የቢራ ቆርቆሮ ቀዶ አልብሶታል፤
እንዳይወድቅ ደግሞ በጨርቅ ገመድ ጠፍሮታል።
ገመዱን ወደ ብርሃኑ ሳበችው። ቀይ።
«መቀነቴ! የሐር ቀሚሴ መቀነት አይደለም ወይ!
ገና ሙሽራ ሳለሁ የጠፋው፣
እህቴን ሌባ ብዬ ዓመት ሙሉ ያኮረፍኳት!»
ከዚያም ሟቹን በአያቶቿ ቋንቋ፣ በኖርዌይኛ ሰደበችው፤
ሳቋ ያመጣውን እንባ፣ ዝገት ገባብኝ ብላ፣ በክርኗ ጠረገችው።

አዲሱን ጎማ በራሷ መንገድ ወሰደችው፤
ከማርሚታው አርቃ፣ በሻንሲው ጎድን አስጠግታ መራችው፤
ቀዳዳው ስለት ቢሆንባት የላስቲክ ቀለበት አጎረሰችው፤
«አይጠምዘዝ፣ አይንጠልጠል፣ ብረት አያሻሸው»
እያለች በየስንዝሩ በፋሸታ ያዘችው።

ጎረቤቷ ሃልቮር ማጨጃውን አቁሞ፣ ከስር የወጡ ጫማዎቿን አይቶ፣
«ሶልቬግ፣ በሕይወት አለሽ?» አለ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።
«ሥራ ላይ ነኝ!»

ሰርባቶዮው ጋ ስንደርስ ግን ግራ ገባኝ።
ክዳኑን ፈትታ ስታወጣው ሁለት ቱቦ ተሰክቶበታል፤
የሞተሩ እስከ ታች ይወርዳል፣
የጀኔሬተሩ መንገድ ላይ ቀርቷል።
«ተቆርጦ ነው?» አልኳት። «ተሳስተው?»
«አልተሳሳቱም። ሰው አስቦበት ነው።
ቤንዚኑ ሩብ ሲቀር ጀኔሬተሩ መጠጣት አይችልም፤
መብራቱ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ይቆማል፣ ራዲዮው አይናገርም።
የሞተሩን ድርሻ ግን ማንም አይነካም።
ጨልሞብህም ቢሆን፣ ቤትህ ትገባለህ።»

ማን ይሆን? ፋብሪካ ውስጥ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ
አንድ ሰው መጋዝ አንሥቶ ብረቱን በስንዝር ለካ፤
ሩቅ አገር የሚመሽበትን፣ የማያውቀውን መንገደኛ አስቦ
የመብራቱን ጉሮሮ አሳጠረ፣ ለመመለሻው ቆጥቦ።

ዝም አለች። እኔም።
አርቪድን መጀመሪያ የከዳው ንግግሩ ነበር፤
ቀጥሎ ስማችን፤ ቀጥሎ ማንኪያ የሚያዝበት መላ።
ቀኝ እጁ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ከቆመ በኋላ፣
መዳፏን ፈልጎ ይይዝ ነበር፣ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት።
ይህን አላልኳትም። ባትሪውን አስተካከልኩላት።

ወደ ማታ ቁልፉን ተጫነች።
ጀኔሬተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ በሦስተኛው ተነሣ።
የሞቱ ዝንቦች የሞሉባት የአልጋው አምፖል በራች፤
ሶልቬግ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማሽተት ጀመረች፤
ወደ ወለሉ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ቁምሳጥኑ፣ ወደ ትራሱ።
«ምንም አይሸትም» አለች፣
ሥራው ያማረለት ሰው በማይናገርበት ድምፅ።
ቀዩን መቀነት እጇ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች።
እኔም፣ መብራት በሞላበት ቤት፣
ባትሪውን ሳላጠፋ ቆሜያለሁ፣
ወደ ግራ፤ ወደ እሷ ግራ።