አንድ ነጥብ አራት

የምኖረው በጆሮዬ ነው።
ሞንቴቪዴዎ ውስጥ ያረጀ ፒያኖ ድምፁ ሲዛባ
«አንሴልሞን ጥሩት!» ይላሉ፤
የላላውን ሽቦ ጠምዝዤ ስመልሰው
ዐይናቸውን ጨፍነው ይከፍላሉ።

ታዲያ በሰኔ ማለቂያ፣ ኖኤሚያ ቤት፣
እጄን ልታጠብ ገብቼ ከመስታወቱ ሥር
የክኒን ብልቃጥ አየሁ፤ «አሲክሎቪር»።
ፊቴ ዐመድ መሰለ። ሳልጠይቃት፣ ሳልሰናበታት፣
ካፖርቴን ባንድ እጅጌው ለብሼ ደረጃውን ወረድኩት።

አብረን ያደርነው አንድ ሌሊት ነው፤ ሃያ ቀን አልፎታል።
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ሰው ሲፈራ ጣት ይበዛለታል።

በማግስቱ ክንዴን ሰጠሁ፤ ደሜን በብልቃጥ ቀዱት፤
በሳምንቱ ወረቀት መጣ፣ የሄርፒስ ምርመራ ያሉት፦
ዓይነት አንድ፣ ስድስት ነጥብ ሁለት።
ዓይነት ሁለት፣ አንድ ነጥብ አራት።
ከጎናቸው በጥቁር ቀለም፦ «ተገኝቷል»።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያነባል!

ሌሊቱን ከቁጥሩ ጋር ተኛሁ፤
ገልብጬ አዙሬ እንደ ክፉ ሕልም ፈታሁ፤
እሷን ረገምኩ፣ ራሴን ረገምኩ፣
ሲነጋ ወንዙ ዳር ወጥቼ ከነፋስ ጋር ተጣላሁ።

ዶክተር ኢሪጎየን የተወሳሰበ ክር እንደምትፈታ
ወረቀቱን ዘርግታ፣ ሳትቸኩል፣ በዝግታ፦
«ትልቁ ቁጥር አያስደንግጥህ፤
ምናልባት ገና ሕፃን ሳለህ
ከንፈሯ ቁስል የነበረ አክስት ስማህ ይሆናል፤
ስንቱ ይዞት ይዞራል፣ መያዙን መቼ ያውቃል!
ሁለተኛው ግን... አንድ ነጥብ አራት ማለት
በር ያንኳኳ ነገር ነው፤
እንግዳ ይሁን ነፋስ ገና አልለየለት።
ቁጥሩ እንዲህ ሲያንስ መሣሪያውም ይሳሳታል፤
አንዱን ወንድም አይቶ በሌላው ስም ይጠራል።
ደም ይመሰክራል፤ የደም ምስክርነት ግን ጎደሎ ነው፤
መቼ እንደሆነ አይልህም፣ ከማን ብትለው ዝም ነው።
ደግሞስ በሃያ ቀን!
ሰውነትህ ፊደል ሳይቆጥር ድርሰት ጻፍ ትለዋለህ?
በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ና፤ በሌላ መመርመሪያ እናጣራለን።
እስከዚያ ቁስል ካየህ፣ ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን ና።»

ሳቄ መጣ። ይሄንንማ አውቀዋለሁ።
አዲስ ሽቦ ስቀይር ለባለቤቶቹ የምለው ነው፦
«የዛሬውን ቃና አትመኑት፤
ይንሸራተታል፤ ማደሪያውን ገና አላወቀም፤
ከሦስት ወር በኋላ ጥሩኝ።»
ለሽቦ የማልነፍገውን ትዕግሥት ለደሜ ነፈግኩት።
እውነትስ እያደር ይጠራል፤
የሚያድርበትን ሌሊት ማን ያድርልኛል?

ኖኤሚያ በሩን ከፈተች፣ ቴርሞሷን በብብቷ ይዛ።
ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። ሁለቴ።
«ነግሬህ ነበርኮ» አለች።
«ያን ምሽት፣ ወደቡ አጠገብ ባለው መጠጥ ቤት፣
እጅህን ይዤ፦ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤
ክኒን እወስዳለሁ፤
የመተላለፉን ዕድል ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤
አስብበት፣ አልኩህ።
ምን አልከኝ መሰለህ?
'የላይኛዋ ፋ ወርዳለች' አልከኝ።»

አዎ። ፒያኖ ነበር እዚያ፤ ቢራ የፈሰሰበት፣ ጥርሱ የወላለቀ።
ያቺን ፋ አሁንም ብታዜሙልኝ አውቃታለሁ።
የእሷን ቃል ግን፣ አንዲት እንኳ...
በጆሮዬ የምኖር ሰው!

ነሐሴ ሲያልቅ ክንዴን ደግሜ ሰጠሁ።
አዲሱ ወረቀት እንደታሸገ ኪሴ ውስጥ ነው።
ወንዙ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጠናል፤
እሷ ማቴ ትቀዳለች፣ ተራ በተራ እንጠጣለን።
«አትከፍተውም?»
«ቆይ» አልኳት። «የዚያን ምሽቱን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ነገረችኝ፤ እስከ መጨረሻው።
ከኋላችን፣ መስኮቱ በተከፈተ ቤት፣
አንድ ልጅ ቫልስ ሲለማመድ፣ ሲስት፣ ደግሞ ሲስት
ቆይቶ ነበር አለችኝ በኋላ።
እኔ አልሰማሁም።