ሁለት ነጥብ

ጥያቄ አምስት ነበር፤ ጠመኔዬን ይዤ
"መቻቻል ምንድን ነው?" ብዬ ጻፍኩ ተክዤ።
ተክዤ እንኳ ውሸት ነው፤ ከመጽሐፍ ገልብጬ፣
ደወሉ እስኪደወል ሰዓቴ ላይ አፍጥጬ።
"ሁለት ነጥብ ይይዛል።" ጻፉ ልጆች ሁሉ፣
"አብሮ መኖር ማለት" ቃል በቃል እያሉ።

ብቸና፣ ሰባተኛ ለ፤ ከጮቄ የወረደ
ብርድ በስባሪ መስኮት ይገባል እንደለመደ።
ሰባ ልጅ፣ ሃያ ዴስክ፤ አራት አራት ተጣበው፣
አንዱ ዴስክ ግን ሰፊ፣ የኋለኛው፣ ባዶው።
ባዶም አይባልም፤ አትጠገብ አለች፤
እንዲህ ያለ ስም ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች።
የቀጥቃጩ ልጅ ናት፣ የአያ ሽባባው ልጅ፤
ላጲስ ካዋሷትም ይወረውራሉ እንጂ
አያቀብሏትም፣ ከእጅ ወደ እጅ።

አባቷ ባይሠራው ማረሻ የለንም፣
ማጭድም፣ መጥረቢያም፣ ቢላም አይኖረንም።
የደወሉን ቸርኬ ከዋንዛው የሰቀለው
ሽባባው ነው እሱም፤ ሳንቲም ያልተቀበለው።
በደወለ ቁጥር እንሰበሰባለን
በሱ ብረት ድምፅ፤ ልጁን እንሸሻለን።

"እንሸሻለን" ስል እኔም አለሁበት።

አምስት ዓመቴ ነው፤ ከነሱ ደጅ ቆሜ
በቅል ውሃ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ ከድካሜ።
እናቴ ስትሰማ አፌን በአመድ አሸች፣
ነጭ ሽንኩርት አሰረችልኝ፣ ጤና አዳም አሸተተች።
አላመመኝም ነበር። አመመኝ ከዚያ ወዲህ፦
ለካ ሰው ይፈራል፣ ሰው ይፈራል እንዲህ!
ክፉ አልነበረችም፤ እኔን መውደዷ ነው፤
ፍርሃት በፍቅር እጅ ነው የሚጎረሰው።
መንግሥት ልጁን ሲጠራ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣
ያኛውን ትምህርት ቤት ጨርሷል፤ ተመርቋል ያው።

ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሳርም
ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ፤ ስሕተት የለም፣ ሕመም የለም።
የአትጠገብ ወረቀት መጨረሻ ወጣ፤
ጠርዙ ጥላሸት አለው፣ ከወናፍ ሥር የመጣ፦

"መቻል አውቃለሁ፤ ለብቻ ይቻላል።
እናቴም ትችላለች፤ አባቴም ይችላል።
መቻቻል ግን፣ ቲቸር፣ ሁለት ሰው ይሻል፤
ጎኔ ማን አለና ከማን ጋር ልቻቻል?"

ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። መልሱን ከመጽሐፉ
ሳስተያየው የለም። ዜሮ አልኩ። ከጫፉ
"ትርጉሙ አልተሟላም" ብዬ ጨመርኩበት።
በመጋቢት ቀረች። ደብተሯን አጠፋሁት
ከስም መጥሪያው ላይ፤ አንድ መስመር ሳብኩበት።

ሙሉ ያገኙት ልጆች አድገው ጎልምሰዋል፣
ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እጅ ያወጣሉ አሁን፣ ያጨበጭባሉ።
"ይሄ ይውጣልን" አሉ፣ ከማዶ መጣ ብለው፤
"ያኛው አይናገር"፤ ጸሎቱ ሌላ ነው።
ነገ ደግሞ ጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ ወንድም፤
ባዶ ጎን የለመደ ዓይን ባዶን አይጠግብም።
ድምፅ ተሰጠ፤ ተቆጠረ፤ ደንቡ ተጠበቀ፤
እኔ ያስተማርኩት ነው፣ በአንቀጽ የደመቀ።

ድሮ የኔታ ዘንድ ንባብ ስንማር
በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ነበር።
ቃል ቃልን እንዳይውጥ ነው፤ ጎን ለጎን እንዲያድር።
(አንዷ ነጥብ ካንዷ በላይ ናት፤ ይህንስ ማን ይናገር?)
አሁን ማንም አይጽፋት፤ ባዶ ቦታ ነው የቀረ።
እኔም ስጽፍ ትቻታለሁ፤ እጄ አልተማረ።

ትናንት ወረቀቷን ይዤ ወደ ወናፉ ወረድኩ፤
አትጠገብ የለችም፤ ማርቆስ ናት አሉ፤ ደነገጥኩ፣
የተዘጋጀሁት ለሷ ነበርና።
ሽባባው ተነሳ፤ ጥላሸት ነው ቅንድቡ፤
"አረፍ ይበሉ፣ ቲቸር"፤ አልጠየቀኝም ሰበቡን።
በቅል ውሃ ሰጠኝ።

ጡረተኛ ነኝ፣ ስልሳ ሁለት።
እጄ ግን አምስት ዓመቷ፤ አየር ላይ ቀረች፣ ለቅጽበት።
አየ።
ቅሉን አልመለሰም። ዓይኑን ወደ ፍሙ አዞረልኝ፣
እንዳላየ ሆኖ።
እንደ ሁልጊዜው ቻለኝ።