ካብ ለካብ

ጉርሜሳ ነው ያመጣልኝ፣ በቢጫ ጀሪካን፤
ወገቡን በሚስማር ወንፊት አስመስሎ፣
አፉን በጆንያ ወትፎ፣ በሽቦ ጠቅልሎ።
«ካባው ሥር አገኘኋት፤ አካፋ አንስቼ ነበር፤
አንተ ትዝ ስትለኝ እጄ ቀረ በአየር።»

ለምን ትዝ እንዳልኩት አልጠየቅሁም።
ክንፉ የተሰበረ ጭልፊት አስታምሜያለሁ፣
ኤሊም አሳድጌ፣ ክረምት ሲገባ ሸኝቻለሁ፤
ይቺ ግን ሌላ ናት፤ ይቺ እፉኝት ናት፤
ማንም ስም አውጥቶ «ነይ» የማይላት።

ስትተነፍስ ጎማ ናት፣ ሚስማር የነካው ጎማ፤
ሌሊት ተነሥቼ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ያንን ስሰማ
ደስ አለኝ።
ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

ሚዛን ቤት ነው የምሠራው፣ ገላን መውጫ ላይ፤
ሲኖትራክ ይመጣል፣ አሸዋ ጭኖ፣ ጠጠር ጭኖ፤
«አንተ ሚዛን! ቶሎ በል!» ይሉኛል፣ ስሜ እንደ አቧራ በኖ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥር ሳነብ ኖሬ
ማንም ፈርቶኝ አያውቅ። እስካሁን። እስከ ዛሬ።

አቶ ደምረው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው
«እባብን ልቡን አይቶ እግር ነሳው» አሉኝ።
«የእኛንስ? የእኛን ልብ ምን አይቶ ነው እግር የሰጠው?»
አልኳቸው። ሳቅ ብለው ወረዱ።
በማግስቱ ልጆቻቸው በእኛ በር ማለፍ ተዉ።

መስታወት ቆራጩ «ለዓሣ ነው?» አለኝ።
«ለዓሣ» አልኩት፤ «ስምንት ሚሊ ቁረጥልኝ።»
«ስምንት ሚሊ? ለዓሣ?» ቀና ብሎ አየኝ፤
ግን ቆረጠ፤ ገንዘብ ገንዘብ ነው።

ትርንጎ ምንም አላለችም።
የሶፋኒትን ፍራሽ አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደች፣
በበሩ ሥር ክፍተት ፎጣ ጠቀጠቀች፤
እራት አቀረበች።
ጨው ረስታለች።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ «የእባብ መድኃኒት አላችሁ?»
«ማን ተነደፈ?» አለች ነርሷ፣ ጓንት እያጠለቀች።
«ገና ነው» አልኳት።
ጓንቱን አወለቀች።
«አንድ ብልቃጥ ነበረን፤ መብራት ሄዶ፣ ማቀዝቀዣው ሦስት ቀን ሞቆ
ተበላሸ። መሃል ከተማ ሂድ።»
ከእኛ ቤት መሃል ከተማ፣ በደህና ቀን፣ ሁለት ሰዓት፤
ክረምት ከሆነ አትቁጠር።
ሶፋኒት ዐሥራ አንድ ኪሎ ናት።
ለካ ይህንን አስቀድሜ መዝኜው ነበር፤
ቁጥሩን ላለማየት ፊቴን አዙሬ እንጂ።

ማታ ለጉርሜሳ ደወልኩ። «ውሰዳት።»
«ወዴት ልውሰዳት?» አለ፤ «ካባው እኮ አልቋል፤
ድንጋዩ ተፈልጦ፣ ተጭኖ፣ ተሽጧል።
ያንተስ ቤት መሠረት ከየት የመጣ ይመስልሃል?»

ስልኩን ዘግቼ ወለሉን አየሁ።
እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ፤ ይህን ልጅ ሆኜም ሰምቻለሁ።
ግን ካቧን አፍርሶ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣
ላዩ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣
«ላኑርሽ ወይስ አላኑርሽ?» እያለ
የሚያማርጠው ማን ነው?

ጎህ ሲቀድ ይዣት ወጣሁ፣ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ፤
ማንም ገና ያልገዛው ጭንጫ ላይ፣ ሽቦውን ፈታሁ።
አልወጣችም።
ፀሐይ እስኪሞቃት ጠበቅኩ፤ ከሥራ ቀረሁ።
አራት ሰዓት ገደማ ወጣች፤ ወደ እኔም አላየችም፤
እንዳላየ የሚያልፈኝ ብዙ ነውና
«አልከፋኝም» ብል በወደድኩ።
ከፋኝ።

መስታወቱ እስከ ዛሬ ግድግዳ ተደግፏል፤
ለጠየቀኝ ሁሉ «ለዓሣ ነው» እላለሁ።
ጫማዬንም ጠዋት ጠዋት ሳላራግፍ አላጠልቅም፤
የምፈልገው ግን፣ አንድ ነገር ዱብ እንዲል ይሁን እንዳይል፣
እስካሁን አላውቅም።