አንዴ አይቼዋለሁ

በካስትሮ ወደብ ጫፍ፣ ከእንጨቱ ድልድይ ላይ፣
ዝናብ የማይታክተው የቺሎዌ ሰማይ
ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ጥፍር የምታክል ቺፕ ፊደል ላስነብብ
ተንበርክኬያለሁ፤ ላፕቶፑ በጉልበቴ፣
ጣቴ ደንዝዟል፣ ቀዝቅዟል ማቴ።

ሥራው ቀላል ነበር፤
ቢሮው ሲጠይቀው ባሕሩን ለክቶ፣
በቀጭን ሽቦ ላይ ቢት በቢት አውጥቶ፣
ከፍታውን መናገር፣ ነግቶም ሆነ መሽቶ።

ሽቦ ዝም ሲል ባዶ የሚመስለው ሰው አለ፤
አምስት ቮልት ይዞ ነው፣ ቀጥ እንዳለ።
ሊናገር ሲል ብቻ ዜሮ ድረስ ዝቅ ይላል፣
እንደ ዓይን አፋር እንግዳ አንገቱን ይሰብራል፤
ከዚያ ስምንቱ ቢቶች፣ ከጅራት ጀምሮ፣
ከዚያ ማቆሚያዋ፣ ከዚያ ዝም፣ እንደ ድሮ።

መጀመሪያ ጭጭ አለ።
ለካ አፍን ከአፍ ጋር ነው ያጋጠምኩት፣
ጆሮን ከጆሮ ጋር፤ ፈትቼ አመሳቀልኩት፣
ጥቁሩን ሽቦ፣ የጋራ መሬቱን፣ አሰርኩት።
“ያለ አንድ መሬት አይግባቡም፣ እነዚህ ሁለቱ”
አልኩት ለኒባልዶ፣
ለኒባልዶ ናዌልኪን፣ ለወደቡ ዘበኛ፣
በቀኝ ጆሮው ብቻ ለሚሰማ፣ ለድሮ ጀልባ ሠራተኛ።
ሳቀ። “እኔና ወንድሜን ሃያ ዓመት ያካሰሰን
እሱ አይደል እንዴ፣ መሬቱ?”

ቀጥሎ ቃል መጣ፣ የሰው ግን አልነበረም፤
የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሳጥን፣ ሌላም ሌላም።
ክሪስታሉ አሥራ ስድስት፣ እኔ ስምንት ብዬ ጽፌ፣
ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶው በእጥፍ ጋለበ፤
ለካ ቁጥሩን የጻፈው እንቅልፌ።
አረምኩት። “ኦላ” አለኝ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት።
“ውሃው ስንት ደረሰ?” ስለው ግን፣
ጆሮ ዳባ ልበስ።

ኢንተረፕቱ ባንዲራ ሰቅሏል፣ “ጥያቄ መጥቷል” ብሎ፤
ሉፑ ባንዲራ ይጠብቃል፣ እዚያው ሥሩ ውሎ።
ኮዱን አሥር ጊዜ አነበብኩ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አልጎደለም።
በስተመጨረሻ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ወረድኩ፣ ወደ ታችኛው ዓለም፤
እዚያ አገኘሁት።
ኮምፓይለሩ ብልጥ ነው፣ ትርፍ ሥራ አይወድም፤
“ይቺን ቤት አንዴ አይቻታለሁ፣ ዜሮ ናት፤
እዚህ ዙር ውስጥ የሚነካት የለም፤
ምን ያደክመኛል ደግሜ?” ብሎ፣
ቅድም ያየውን በጉያው ይዞ
ይዞራል፣ ይዞራል፣
እውነቱ ከጀርባው ወዲያ ተጉዞ።

ይህን ለኒባልዶ ነገርኩት፣ እየሳቅሁ።
ባትሪውን አጠፋ።
“አባቴም” አለ።
ዝናቡ ብቻ ቀጠለ።

“ምድር የተናወጠች ለት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤
ሰው ወደ ጀልባው ሮጠ፤ እኔ ከእናቴ ጋር ዳገቱን ተንጠላጠልኩ።
አባቴ ባሕሩን ከደጃፍ ቆሞ አንዴ አየው፤
‘ረግቷል’ አለ፤ ጀርባውንም ሰጠው፤
ገመዱን ሊፈታ፣ መረቡን ሊሰበስብ...
የረጋ ባሕር ሲሸሽ ድምፅ የለውም፣ ልጄ።
ሲመለስ ነው ያለው።”

ምን ይባላል?
ከተለዋዋጯ ፊት አንዲት ቃል ጨመርኩ፤ ቮላታይል።
ትርጉሟ፣ ለማሽኑ፦
ይቺ ከጀርባህ ትለወጣለች፤
አንዴ ማየትህን አትመን፤
በዞርክ ቁጥር እይ።
ቺፑ ላይ ጫንኩት። ጠየቅኩት።

ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት።
ሁለት ሜትር ከአሥራ ስድስት።

ኒባልዶ ደህናውን ጆሮ ወደ ሳጥኑ አስጠጋ፣
ድምፅ እንደሌለው ነግሬው ሳለ።
ከዚያ ባትሪውን አብርቶ ወጣ፣ ቀለም የተቀባውን ምሰሶ ሊያይ፤
ጢሙ ርሶ ተመለሰ። “ሁለት ከአሥራ ስምንት።”
ስክሪኑን አየሁ። ሁለት ከአሥራ ስምንት።
“ልክ ነው” አለ፣ ኮፍያውን እየጨመቀ፤
መልሶ አጠለቀው፣
ደግሞ ሊያይ ወጣ።