ጥቁሩ ገላጎኛ

ዳኑብ ለሁለት ተከፍሎ ደሴት ባቀፈበት፣
ጭቃው የእንግዳን ጫማ ይዞ በሚቀርበት፣
በነሐሴ መጣ ቤርታላን ወጣቱ፣
ቀይ ቀለም በእጁ፣ መዝገብ በብብቱ።
ሊሰፋ ነው አሉ የወንዙ ግድቡ፤
ለሚቆረጥ ሁሉ ቁጥር ነው ደንቡ።
አኻያ ሲቆጥር ዘጠና ሦስት ደርሶ
ቆመ፤ አንድ ዛፍ አለ ጥቁር ፍሬ ለብሶ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»
«ገላጎኛ» አሉት ወይዘሮ ኤቴልካ፣ ከአጥሩ ማዶ።
«ጥቁሩ።»

«ቀዩን አውቀዋለሁ፤ ለልብ ይሆናል፤
መድኃኒት ቤት ገብቶ በብልቃጥ ይሸጣል።
ይሄኛውስ?»

ዝም አሉ።
ከግንዱ ወገብ ላይ ቅርፊቱን የበላ
የገመድ ጠባሳ አለ፣ እንደ መቀነት የዞረ።
በዚያ የጎርፍ ዓመት
ቬንዴል ታንኳውን እዚህ አስሮ
ሦስት ሌሊት አደረ፣ ከሚስቱ፣ ከሁለት ፍየልና
ስሟን ከማያውቃት አንዲት ነፍሰ ጡር ጋር።
ገመዱ ቅርፊቱን በላ እንጂ ዛፉ አልለቀቀም።
ቬንዴል ኋላ ሞተ። በውሃ አይደለም፤ በሳል።

ስሙ በእኔ ቋንቋ ገላ አለው፣ ጎን አለው፤
ከጎኑ የቆመለት ሰው ግን አሁን አፈር ነው።

«ይሄኛው ለምንም» አሉ በመጨረሻ።
«ወፍ ብቻ ነው የሚወደው።
ሲፈካ ነጭ ነው፤ ሲያረጅ አበባው ይቀላል።
እኔ ሳረጅ ነጣሁ፤ እሱ ያፍር ይመስላል።»

አጥሩን ዞረው መጡ። ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ
አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፉ ላይ አፈሰሱለት።
በላ።
ጣፋጭ ሊሆን ጀምሮ የተወው ዓይነት ጣዕም፤
ውስጡ አረንጓዴ፣ ጭማቂው ግን ሐምራዊ፣
ከጥፍር ሥር የሚገባ፣ በሳሙና የማይወጣ።
ፍሬዎቹን ተፍቶ ቀለሙን አነሣ፣
የቆርቆሮውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣
ደግሞ ከፈተ።
ኤቴልካ ግን አላዩትም፤ ወደ ፍየላቸው ሄደዋል።

ማታ በቢሮው ውስጥ አለቃው መዝገቡን ገለጠ፦
ዘጠና ሦስት፣ አኻያ።
ዘጠና አምስት፣ አኻያ።
በመካከላቸው ቁጥር የለም።
አውራ ጣት አለ፣ ጠቁሮ፣
ፊደል ያልቆጠረ ሰው ውል ላይ እንደሚያትመው።

«ማነው እዚህ ላይ የፈረመው?»

ቤርታላን እጁን ኪሱ ከተተ፤
መስኮቱን አየ።
ወንዙ ጨልሟል፣ ደሴቷ አትታይም።