ሰርዶ ሲታመም

ሽምብጥ ነው ቤቱ፣ ከሐይቁ ዳር፤
ማለዳ ደረስሁ፣ ጤዛው ሳይነሳ ከሳር።
«ግቢዬ ታሞብኛል» ብለው በስልክ ያስጠሩኝ
ወይዘሮ ጥሩዓለም፣ ገና ከበር ሳልገባ ጆንያ ሙሉ ዩሪያ አሳዩኝ።
«በየሳምንቱ በተንሁ፣ በየማታው አጠጣሁ፤
እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

መልስ አልሰጠሁም። ጫማዬን ከደጅ ትቼ ገባሁ፤
ሳርን በዓይን ሳይሆን በውስጥ እግር ነው ማወቅ የለመድሁ።

በበሩ በኩል ክብ ክብ ሆኖ ደርቋል፣ የድስት ግጣም አክሎ፤
ዙሪያው ግን ከሌላው ሁሉ ለምልሟል፣ ጠቆር ብሎ።
«ውሻ አለዎት?» «አለ፣ ዳመና የሚባል።»
«ዘንቦበት ነዋ! በሸና ቁጥር አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፉበት ይድናል።»
«ዩሪያውስ?» «ይተዉት። የበዛው ሳሩን ያቃጥላል፣
የተረፈው በጎርፍ ወርዶ፣ ጣና ገብቶ፣ እምቦጭ ይቀልባል።»

ከማንጎው ሥር መላጣ ነው፣ አንድ ጭረት አልበቀለ።
«ይቆረጥ?» አሉኝ። «ማንጎውስ ምን በደለ?
ሰርዶ ፀሐይ ነው ቀለቡ። ቅርንጫፉ ጥቂት ይሳሳ፣
ካልሆነም ጠጠር ያልብሱት፤ ሁሉ መሬት ሳር ይሁን ያለ ማን አለ?»

ከጓሮ፣ በሐይቁ በኩል፣ አጥሩ አንድ ጎኑ ተከፍቶ፣
ሳሩ እስከ ሥሩ ተላጭቶ፣
ባለ አራት ጣት ዱካ፣ ሳፋ የሚያህል፣ ጭቃው ላይ ተኝቶ።
ለዚህ መድኃኒት የለኝም። ጉማሬ ነው፣ ሌሊት ወጥቶ ያጨደው፤
ከማሽን ይሻላል፣ ነዳጅ አይል፣
ግን ቀጠሮ አያውቅ፣ አጥር አይገደው።
«አጥሩን ያጥብቁ» አልሁ። «ካገኙትም አይከራከሩት።»

መሃሉን በካቻቢቴ ወጋሁት፤ ሁለት ጣት ገብቶ ቆመ።
ዋልካ፤ ክረምት ሙጫ፣ በጋ ሸክላ፣
የጎረቤት ልጅ ኳስ ሲጠልዝበት የከረመ።
«በሹካ ይበሳሳ፣ አሸዋ ይግባበት፣ የበሰበሰ ፍግ፤
በሳምንት ሁለቴ ጠዋት ጠጥቶ ይጥገብ፣
ከዚያ ይጠማ፤ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ይፈልግ።»

ከበረንዳው ፊት ግን እግሬ ሰመጠ።
ቢጫ። ሳብ ባደርገው ያለ ትግል እጄ ላይ ቀረ፣
የረግረግ ሽታ ሰጠ።
ሥሩ ቡናማ፣ እንደ ራሰ ክር።
ጎማውን ተከትዬ ሳይ፣ ጫፉ እዚያው ተጋድሟል፣
ከአንዲት የሽቦ ወንበር ሥር።

«እዚህ ስንት ሰዓት ነው የሚያጠጡት?» አልሁ።
ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ አየሁ።
«እንዳላማው ጀልባ ነጂ ነበር፤
ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ውሎ፣ ማታ ደግሞ ቧንቧ ከፍቶ
ሁለት እግሩን እዚህ ይዘፈዝፍ ነበር።
እቆጣው ነበር እኮ! ‹የውሃው ሒሳብ› እያልሁ።
አሁን እኔው እከፍታለሁ።
እስኪመሽ ነው።
አንዳንዴ እረሳዋለሁ።»

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቃል ነው፦ ቧንቧውን ዝጉት፣ በቃ።
ሃያ ግቢ ተናግሬዋለሁ፣ ያለ ምንም ሐሳብ፣ እጄ በጭቃ።
እዚህ ግን ምላሴ ከበደኝ፤ ዞር ብዬ ሐይቁን አየሁ፣
ከዳር የቆመውን ደንገል፣
ጉልበቱ ድረስ ገብቶ፣ ደልቶት፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው።

«ሰርዶውን እናንሳው» አልሁ። «ደንገል ላምጣና እንትከልበት፤
እሱ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢያድር አይከፋውም፤
እርስዎም ማታ ማታ ይክፈቱለት።»

አልመለሱልኝም። ወንበሩን ብቻ አንስተው
ሁለት እርምጃ ያህል፣ ወደ ደረቁ፣ አዛወሩት።

ሒሳቤን ተቀብዬ፣ ካቻቢቴዬን ጠርጌ፣ ከደጅ ስወጣ፣
ዳመና ጅራቱን እየቆላ ከፊቴ መጣ።
ጫማዬን አነሳሁ። ከብዷል፤ ሞቋል፤ ገብቶኛል።
አንድ ባልዲ ውሃ ብዬ ነበር፤
ለእኔም ያስፈልገኛል።